ወሰኑ ሲሠመር ማን ተጠየቀ? ከየጁ አውራጃ እስከ ሰሜን ወሎ ዞን

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከእርሻው እንጀምር። ሁለት ገበሬዎች በድንበር ሲጣሉ ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌው ቤቱ ቁጭ ብሎ አይፈርድም፤ ተነሥቶ ማሳው ድረስ ይሄዳል። ባለጉዳዮቹ ግራና ቀኝ ሆነው ይከተሉታል። ዙሪያውን የሚያርሱት ድንበርተኞችም አይቀሩም። የድሮው ድንጋይ የት እንደነበረ፣ ጎርፍ ወስዶት እንደሆነ ወይስ እጅ ገፍቶት እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ያየውን ፊት ለፊት ይናገራል። ድንጋዩ እንደገና ሲተከል ሁሉም ቆሞ እያየ ነው። ነገ አንዱ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብሎ ድንጋዩን ገፋ ቢያደርገው ምስክሩ ብዙ ነውና አይመቸውም።

የመንግሥት ወሰንስ እንዴት ነው የሚሠመረው? አውራጃው፣ ወረዳው፣ ክፍለ ሀገሩ፣ ዞኑ፣ ክልሉ፣ የምርጫ ክልሉ፣ እነዚህ ሁሉ መስመሮች ናቸው። ሰው በነዚህ መስመሮች ውስጥ ይወለዳል፣ ግብር ይከፍላል፣ ይካሰሳል፣ ይመርጣል። መስመሩ ሲሠመር ግን ማሳው ድረስ የሄደ ሽማግሌ፣ ተጠርቶ የመጣ ድንበርተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን ስንል የአገራችን ሕዝብ አፉን ዘግቶ ኖረ ማለታችን አይደለም። ኧረ እንዲያውም! ተሰብስቧል፣ አቤት ብሏል፣ ተከራክሯል፣ ሲብስበትም ሰብሮ ወጥቷል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ሕዝቡ ሲናገር መስመሩ የት እንደነበረ፣ መስመሩ ሲሠመር ደግሞ ሕዝቡ የት እንደነበረ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው መርሳን ነው። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ይህች ከተማ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አድራሻዋ ስንት ጊዜ ተለወጠ? በንጉሡ ዘመን ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ የጁ አውራጃ ተባለች። በደርግ ዘመን ወሎ ክፍለ ሀገር ሆነ። በ1980 ዓ.ም. የሰሜን ወሎ አስተዳደር አካባቢ መጣ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ክልል 3፤ ከዚያም የአማራ ክልል፣ ሰሜን ወሎ ዞን፣ ሐብሩ ወረዳ። ዛሬ በሰባዎቹ ውስጥ ያለ የመርሳ ሽማግሌ ቤቱን ሳይለቅ አራት አገር ኖሯል ቢባል ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ምን ቸገረው፣ ስም ነው እንጂ የሚል አይጠፋም። የሚቸግረው እንዲህ ነው። መስመሩ ክርክሩ 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ ወልድያ ላይ እንደሚያልቅ፣ ወይም 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ላይ እንደሚያድር ይወስናል። ልጁ በምን ቋንቋ እንደሚማር ይወስናል። በክፉ ዘመን የእርዳታው እህል በማን መዝገብ፣ በየትኛው መጋዘን በኩል እንደሚመጣ ይወስናል። ድምፁም ከማን ድምፅ ጋር ተደምሮ እንደሚቆጠር፣ ይኸው መስመር ነው የሚወስነው።

አውጫጭኝ

ሕዝብን ሰብስቦ ማናገር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አውጫጭኝ ነበር፤ አፈርሳታም ይሉታል። ሌብነት ወይም ግድያ ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የተሰበሰበው ሰው ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይለቀቅም። እያንዳንዱ ያየውን የሰማውን በመሐላ ይናገራል። በስሙ ለመናገር የፈራ ደግሞ ቃሉን በወፍ ስም ያወጣል፤ ወፏ ተናገረች ይባላል እንጂ የሰውየው ስም አይነሣም።

ይህ ሥርዓት በጊዜው ጥሩ ሥራ የሠራ ነው። ፖሊስ በሌለበት አገር ሌባ አውጥቷል። ነገር ግን ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ጉዳይ አለ። ጠሪው ሹሙ ነው፤ ጥያቄውንም የሚያወጣው ሹሙ ነው። ሕዝቡ ሌባው ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ስለ ሹሙ ግዛት፣ ስለ ወሰኑ፣ ስለ ግብሩ ግን ማንም አይጠይቀውም። ወፏም ቢሆን የምትናገረው የተጠየቀችውን ብቻ ነው። ይህ ልማድ ከአውጫጭኝ በኋላም በስብሰባ አዳራሾቻችን ውስጥ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል ብለን እናምናለን።

አቤቱታ ቀደመ፣ ሰበራ ተከተለ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተደለደለች። ባላባቱና መስፍኑ በዘር ይዞት የነበረው ግዛት ከማዕከል በሚሾም፣ ደመወዝ በሚቆረጥለት ሹም እጅ ገባ። ለማዕከላዊው መንግሥት ትልቅ እርምጃ ነበር። ከጊዜ በኋላ የወሎ ጠቅላይ ግዛት 12 አውራጃዎች ኖሩት። ላስታ፣ ዋግ፣ ራያና ቆቦ፣ አምባሰል፣ ዋድላ ደላንታ የመሳሰሉት ከነዚሁ ናቸው። በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ተቀምጠው 60 ዓመት በላይ በእንደራሴነት የገዙትን ራሶች ያፈራው የጁም፣ ዋና ከተማው ወልድያ የሆነ አንድ አውራጃ ሆነ።

የጁ ግን ዝም አላለም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ገበሬዎቹ መሬታችን ሊነጠቅ ነው ብለው ሠጉ። መጀመሪያ ያደረጉት ማንም ሕግ አክባሪ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ አቤት አሉ። አቤቱታቸው እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ደረሰ። ልባቸውን የሚያሳርፍ መልስ ግን አልመጣም። ከዚያ በኋላ ነው ተነሥተው የወልድያን እስር ቤት ሰብረው እስረኛውን የለቀቁት። አመፁ በጦር ኃይል ጸጥ አለ። የታሪክ መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ሲያወሱ ቶሎ ወደ ሰበራው ይሮጣሉ። እኛ ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን እንላለን። አቤቱታው ቀደመ፤ ሰበራው የመጣው አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ ነው።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈቀደለት። የምርጫ ክልል እንዴት እንደሚሠመርም ተጽፏል። በተቻለ መጠን 200,000 ነዋሪ የሚይዝ አንድ የምርጫ ክልል ሆኖ ሁለት እንደራሴ ይመርጣል፤ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ደግሞ የራሱ እንደራሴ ይኖረዋል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ግን እኮ የሕዝብ ቆጠራ አልነበረም! የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው። ያልተቆጠረ ሕዝብ በ200,000 እንዴት ይካፈላል? በግምት ነዋ! ስለዚህ መስመሩ የግምት መስመር ነበር።

እንደራሴ ለመሆን የሚወዳደረውም ሰው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ይፈለግ ነበር። ጭሰኛው ይመርጣል፤ ለመመረጥ ግን ኪሱ አይፈቅድለትም። ከመስከረም 1950 እስከ 1965 ዓ.ም. በዚህ ዓይነት አምስት ጊዜ ምርጫ ተደረገ። በመካከሉ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ አውራጃዎች በተመረጠ ምክር ቤት ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ የሚያስችል ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበር። የሕዝብ እንደራሴ የተባሉት ሰዎች ራሳቸው ሳያጸድቁት ቀረ። አይ ነገር!

ከዚያ 1965 መጣ። ወሎ ተራበ። የረሃቡ ወሬ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከጠቅላይ ግዛት ወደ ሚኒስቴር እያለ መሰላሉን ሲወጣ ሰው አለቀ። መሰላሉን መጠበቅ ያቃተው ገበሬ ከነቤተሰቡ መንገድ ዳር ወጥቶ ቆመ። ከዩኒቨርሲቲያችን ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ለእይታ ሲቀርቡ ነው ብዙው ተማሪ የነገሩን ክብደት ያየው። የዚያን ጊዜው የወሎ ገበሬ ስብሰባ አልተጠራም፤ አካሉን መንገድ ላይ አቁሞ ተናገረ።

ሃያ ጋሻ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ብዙ ተጽፎበታል። ስለ ወሰን የሠራው ሥራ ግን ብዙም አይነሣም። አዋጁ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ይቋቋም አለ። ጭቃ ሹሙ ቀረ፤ ባላባቱም ቀረ፤ አዲስ የታችኛው መስመር መሠመር ነበረበት። በብዙ ቦታ ማኅበራቱን ያደራጁት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። ይኸ ሸለቆ ከማን ማኅበር ይግባ፣ ያ ግጦሽ ለማን ይድረስ የሚለው ክርክር የተደረገው እዚያው መሬቱ ላይ፣ የሚያርሰው ሰው ባለበት ነው። የሚያርሰው ቆሞ በተከራከረበት ቦታ መስመሩ ከሽማግሌው ድንጋይ ጋር ይቀራረባል።

ደስታው ረጅም አልነበረም። ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ የእህል ኮታ መሰብሰቢያ፣ ለጦር ሜዳ ልጅ መመልመያ ሆነ። ገበሬው ራሱ ያቆመው አጥር ተመልሶ እሱኑ ማገጃ ሆነ። ያም ሆኖ ልናስታውሰው ይገባል፤ ማሳው ላይ ቆሞ መስመር ማስመር እንደሚቻል አንድ ጊዜ ታይቷልና።

25,000 አዳራሽ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በ1978 ዓ.ም. 343 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽን ተቋቋመ። ረቂቁ 120 አንቀጽ ነበረው። አንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በየቦታው ተበተነ፤ በሰኔ ወር ጀምሮም በአገሪቱ 25,000 ያህል ቦታዎች ሕዝቡ ተሰብስቦ እንዲወያይበት ተደረገ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በታሪካችን ይህን ያህል ሰው በአንድ ሕግ ላይ ተሰብስቦ የተናገረበት ጊዜ የለም። ጊዜው ክረምት ነው፤ ለገበሬው የእርሻው ወቅት ነው። የስብሰባው ጥሪም የሚቀርበት ዓይነት አልነበረም።

ይሁንና ሰው ተናገረ። ከ500,000 በላይ አስተያየት ቀረበ። ለ25,000 ቦታ ስናካፍለው በያንዳንዱ ስብሰባ 20 ያህል ማለት ነው። ሰው ስለ ግብር፣ ስለ ሃይማኖት ቦታ፣ ስለ ምርጫ አፈጻጸም፣ ስለ ዜጋ መብትና ግዴታ አንሥቷል። ከሁሉ የበለጠ ጩኸት ያስነሣው ግን አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት በላይ እንዳያገባ የሚከለክለው አንቀጽ ነበር። በሙስሊሙ ዘንድ ከፍ ያለ ተቃውሞ ገጠመው። እስላምና ክርስቲያኑ ተዋልዶ በሚኖርበት በወሎ ይህ ጥያቄ ምን ያህል ቤት እንደሚያንኳኳ ለማንም አይጠፋም። በአንቀጹ ላይ የኛ የራሳችን አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ ነገሩ የሚያስተምረው አለ። ሕዝቡ ፈሪ ነው፣ አይናገርም፣ አይገባውም የሚባለው ውሸት ነው። ጥያቄው ቤቱ ድረስ የሚገባ መሆኑን ሲያውቅ፣ በዚያ አስፈሪ ዘመን እንኳ ተነሥቶ ተናግሯል።

ከ500,000ው አስተያየት በኋላ በነሐሴ ወር በረቂቁ ላይ 95 ማሻሻያ ተደረገ፤ አብዛኛው የቃላት ነበር። ከ5,000 አስተያየት አንድ ማሻሻያ መሆኑ ነው። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 81 በመቶ ደገፈ፣ 18 በመቶ ተቃወመ ተባለ። ካርዱን የሰጠ ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነውና፣ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ሰው አልፈልግም ብሏል ማለት ነው። ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ መስመሩ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ አገሪቱ የአስተዳደርና የራስ ገዝ አካባቢዎች ይኖሯታል ይላል እንጂ፣ የትኛው ወረዳ ከየትኛው እንደሚሆን አይናገርም። ያንን እንዲወስን ሥልጣን የተሰጠው ለብሔራዊ ሸንጎው ነው። ስለዚህ በ25,000ው አዳራሽ ለተሰበሰበው ሕዝብ ካርታ አልተዘረጋለትም። ካርታው ግን ተጠንቶ እየተዘጋጀ ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት አንዱ ሥራው ይኸው ነበር። ጥናቱ መጥፎ ነው አንልም፤ የተማሩ ሰዎች የደከሙበት ነው። ግን ጥናቱ ስለ ሕዝቡ የሚያወራው ሕዝቡ በሌለበት ነበር።

835 መቀመጫ ያለው ሸንጎ ሰኔ 7 ቀን 1979 ተመርጦ፣ በጳጉሜን ተሰብስቦ፣ በመስከረም 1980 ካርታውን አጸደቀ። 24 የአስተዳደር አካባቢና 5 ራስ ገዝ፤ ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን። ወሎ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፈለ፤ በስተምሥራቅ ያለው የአፋር ምድር ወደ አሰብ ተሻገረ። መርሳ በሰሜኑ ወገን ሆነች። የሐብሩ ገበሬ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ጋብቻው ተጠይቆ ነበር፤ ስለ አገሩ መከፈል ግን በሬዲዮ ሰማ። ነገሩን ጠቅለል ስናደርገው ሕዝቡ የተናገረው መስመር በሌለበት ነው፤ መስመሩ የተሠመረው ሕዝቡ በሌለበት ነው። የአውጫጭኙ ልማድ ይህ ነው። ጥያቄውን የሚያወጣው ሹሙ ነው።

ያም ካርታ ዕድሜ አላገኘም። ጦርነቱ በ1981ና በ1982 ወደ ወሎ ወረደ፤ በ1983 መንግሥቱ ወደቀ።

ኮረም

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ዓለም በሙሉ በቴሌቪዥን ያያት የረሃብ ከተማ ኮረም ናት። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። በጥር 1984 ዓ.ም. በሽግግር መንግሥቱ በአዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱ በ14 ክልሎች ስትደለደል ኮረምና አላማጣ ክልል 1፣ ትግራይ ገቡ፤ ቆቦ ክልል 3 ቀረ። የድሮው ራያና ቆቦ አውራጃ ተከፈለ። ይህንን ካርታ ያዘጋጀው ከሽግግሩ ምክር ቤት ድርጅቶች የተውጣጣ ኮሚሽን ነው። መመዘኛው ቋንቋ ነበር። በአላማጣ፣ በኮረም፣ በቆቦ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ካርታውን ዘርግቶ፣ ቃሉን መዝግቦ የወሰነ ግን የለም።

እኛ እዚህ ላይ ቆመን ይህ መሬት የእገሌ ነው ብለን አንፈርድም። ያ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የምንለው ያልተጠየቀ ጥያቄ ይቆያል እንጂ አይሞትም ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የታመቀ ነገር ግን ይነቅዛል። የራያ ጥያቄ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. አላማጣ ላይ አደባባይ ሲወጣ ሰው ሞተበት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በአዋጅ ቁጥር 1101 የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጦርነቱ ግን ከመልሱ ቀደመ። በ2013 ጥቅምት የተጀመረው ጦርነት ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ወሰን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ የሐብሩ ሰው በውስጡ ኖረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነትም የውዝግብ ቦታዎቹ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈቱ ብሎ መለሰው።

ሕገ መንግሥቱስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ፣ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ይወስናል ይላል። ፍላጎት የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው። ፍላጎት ደግሞ ካልተጠየቀ አይታወቅም። አንቀጽ 103 በበኩሉ በየ10 ዓመቱ ቆጠራ ይደረግ፣ የምርጫ ክልሎች ወሰንም በቆጠራው መሠረት፣ በምርጫ ቦርድ አቅራቢነት በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወሰን ይላል። ከ1976፣ ከ1987ና ከ1999 ቆጠራዎች በኋላ አራተኛው ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። በ1948 ያልተቆጠረ ሕዝብ ለ200,000 ሲካፈል ስቀን ነበር፤ ቆጠራው ባረጀ ቁጥር ሳቁ ወደኛው ይመለሳል።

የሌላው አገር ነገር

ይህ በሽታ የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው የለቀቀው ኮረብታ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት እንደራሴ ወደ ፓርላማ ይልክ ነበር፤ አዳዲሶቹ የፋብሪካ ከተሞች ግን አንድም አልነበራቸውም። በአሜሪካ፣ በ1812 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲው እንዲያመች የተሠመረ የምርጫ ካርታ ፈረመ። አንደኛው ወረዳ ከመጠማዘዙ የተነሣ ጋዜጣ እንሽላሊት መሳይ አውሬ አድርጎ ሣለው፤ የሰውየውም ስም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሕንድ ደግሞ የምርጫ ወረዳ አስማሪ ኮሚሽን በየጊዜው በሕግ ታቋቁማለች። ሕጉ ረቂቁ አስቀድሞ ይታተም፣ ተቃውሞ ይቅረብ፣ ኮሚሽኑም በሕዝብ ፊት ተቀምጦ ይስማ ይላል። እዚያም ክስና ቅሬታ አይጠፋም። ግን ተናጋሪው የሚናገረው ካርታውን አይቶ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁለት ነገር እናገኛለን። የሰሜን ኦሞ ዞን ሕዝቦች በአንድ የመማሪያ ቋንቋ ሊጠቀለሉ ሲሉ፣ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በ1993 ዞኑ ተከፋፈለ። የሲዳማም ጥያቄ ስንት ዓመት ተንከባሎ፣ በ2011 ሐምሌ ደም ፈስሶበት፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 በሕዝበ ውሳኔ 98.5 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 10ኛ ክልል ሆነ። ሁለቱም ጋ ሕዝብ መስመሩን አስለውጧል። ሁለቱም ጋ ግን የሚሰማ ሸንጎ የመጣው ከቀብር በኋላ ነው። የ1940ው የየጁ ቅደም ተከተል ዛሬም አልተለወጠም ማለት ነው፤ አቤቱታ፣ ዝምታ፣ ሰበራ።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ረጅም አይደለም። ስብሰባ መጥራት ብቻውን ሕዝብን መጠየቅ አይሆንም። ሕዝብ ስለ ወሰን ተጠየቀ የሚባለው ስብሰባው መስመሩ ከመሠመሩ በፊት ሲሆን፣ ካርታው በሚገባው ቋንቋ ፊቱ ሲዘረጋ፣ ድንበርተኛውም እዚያው ቆሞ ሲሰማ፣ የተናገረው ሁሉ ሲጻፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልተቀበሉትን ሐሳብ ለምን እንዳልተቀበሉት መልሰው ሲነግሩት ነው። የመጨረሻው ነገር ሁልጊዜ የሚረሳው ነው። በ1978 ክረምት 500,000 አስተያየት ሰጥቶ ከ499,000 በላይ ለሚሆነው መልስ ያላገኘ ሕዝብ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ለምን ይናገራል? አንገቱን ደፍቶ እጁን ያወጣል፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ወፍ ሆኖ ይናገራል።

ለኛ ለተማሪዎች የሚሆን ሥራ አለ። በዚያ ክረምት የተደረጉት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ተይዞላቸዋል። የኢሠፓ ጽሕፈት ቤቶች ሲዘረፉና ሲቃጠሉ ብዙው ወረቀት ጠፋ፤ ከተረፈው ውስጥ የተወሰነው በየቀበሌው ሣጥን፣ በድሮ የማኅበር ጸሐፊዎች ቤት ሊገኝ ይችላል። ወረቀቱ ባይገኝ ሰዎቹ አሉ፤ ያኔ 30 ዓመት የነበራቸው ዛሬ 70 አልፈዋል፤ የሚቆዩን ብዙ አይደለም። ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከጊራና፣ ከሲሪንቃ፣ ከወልድያ ዙሪያ የመጣን ሁላችን ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። በዚያ ስብሰባ ላይ ምን ተናገራችሁ? ጸሐፊው ጻፈው? ወሎ ለሁለት ሲከፈልና ራያ ሲለያይ ከማን ሰማችሁ? የሚሉንን ሳናሳምር፣ እንዳሉት ጽፈን ወደዚህ መጽሔት እናምጣ። ድንጋዩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ፣ ማሳው ድረስ አብረናቸው እንሂድ።